ከመስመር የማይወጣ ሯጭ

እዚህ አሜሪካ፣ ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ለሆም ኬር ሥራ፣ ሕመምተኛን ቤቱ ሄጄ እንድንከባከብ፣ የተመደብኩላቸው ሰውዬ በጊዜያቸው የሰፈሩ ሃይስኩል ኮከብ ተጫዋች እንደነበሩ የነገረኝ ልጄ ነው። ሥራ እንደጀመርኩ ሰሞን እራት ላይ ስለ ሰውዬው አነሣሁ። ትከሻቸው በር የሚሞላ ሰው ሆነው ሸሚዛቸውን መቆለፍ ያቅታቸዋል አልኩ። ልጄ ማንነታቸውን ሲሰማ ሹካውን አስቀመጠ።

"ኖ ዌይ፣ ዳድ" አለ።

ፎቶግራፋቸው ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ ከጂሙ በር አጠገብ ተሰቅሏል። ልጄ በየቀኑ በሥሩ ያልፋል።

ልጄ በዚያ ዓመት የዚያው ትምህርት ቤት የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ራኒንግ ባክ ነበር። ኳሷን ብብቱ ውስጥ ወትፎ፣ ሊጥሉት በሚመጡ ሰዎች መሃል ሰንጥቆ የሚሮጠው እሱ ነው። እኔ ይህን እንኳ ለመረዳት ብዙ ጌም ማየት ነበረብኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ እስከ ዛሬ ማወቅ አትፈልግም። ልጄ ቀጭን ነው፣ እግረ ረጅም። ሊይዙት ሲመጡ ወገቡን ሰበር አድርጎ ያመልጣል። ማምለጫ ሲያጣ ከሜዳው መስመር ይወጣል፤ ከመስመር የወጣን ሰው መንካት አይፈቀድም። እኔ በልቤ ብልህ ልጅ ነው እል ነበር።

ሰፈሩ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያየው። ጋዝ ስቴሽን ስገባ፣ ጸጉሩን ላስቆርጠው ይዤው ስሄድ፣ "ልጅህ ፈጣን ነው፤ ግን እንደ ድሮው ሰውዬ አይደለም" ይሉኛል። የድሮው ሰውዬ ጀርባቸው ላይ ሰው ተንጠልጥሎባቸው እየጎተቱ ይሮጡ ነበር አሉ። ከመስመር ወጥተው አያውቁም አሉ። አንድ ቀን ጸጉር ቤት ውስጥ ተራ ስንጠብቅ፣ ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ አንድ ሽበታም ሰው፣ "ያንተ ልጅ ሰዎችን ይዞራል። ያ ሰውዬ ግን በሰዎች ውስጥ ነበር የሚያልፈው" አለኝ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ስልኩን እያየ የሰማ አልመሰለም። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን ሰውዬውን እንዳስተዋውቀው ጠየቀኝ።

እኛ ቤት ሰውዬውን ጋሼ፣ ባለቤታቸውን እትዬ እንላቸው ነበር። ጋሼ ዕድሜያቸው ገና ለመርሳት ሕመም የሚደርስ አልነበረም። ሐኪሞቹ ድሮ ጭንቅላታቸው ላይ የደረሰው ምት ተጠራቅሞ ነው ይላሉ። ብርሃን ስለሚያማቸው መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው። አንዱን ነገር ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ መልሱን ስነግራቸው በአክብሮት ያመሰግኑኝና ዞር ብለው መልሰው ይጠይቁኛል። ይህ ደህና ሲሆኑ ነው። ደህና ባልሆኑ ቀን ሳህን ይወረውራሉ፣ ወይም ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመው ይቀራሉ። እትዬ ቢላዎቹን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ትቆልፋቸው ነበር።

እትዬን ሳስፈቅዳት ትንሽ አሰበችና "ይምጣ፤ ማን ያውቃል" አለች።

ልጄ ገብቶ ሰላም ሲላቸው ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። የድሮ ቡድናቸው ተጫዋች መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ አይቼው የማላውቀው ነገር መጣ። የድሮ ጨዋታቸው የተቀዳበትን ፊልም እትዬ ከፈተችላቸው። ድምፅ የለውም፣ ምስሉም ይንቀጠቀጣል። አንድ ጎረምሳ አንገቱን ደፍቶ ይሮጣል፤ የሚመጡበት ሰዎች እንደ እህል ከረጢት ይወድቃሉ። ቀጥሎ ልጄ የራሱን ቪዲዮ በስልኩ አሳያቸው። ጋሼ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ።

"ፈጣን ነህ" አሉት። "እኔ እንዳንተ ፈጣን አልነበርኩም።" ስልኩን በጣታቸው ነክተው፣ "እዚህ ጋ ግን ለምን ወጣህ?"

"ሊመቱኝ ነበር" አላቸው።

"ይምቱሃ" አሉት፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ከዚያ ሳሎኑ መሃል አቆሙት። ያንን ሰፊ መዳፋቸውን ማጅራቱ ላይ አሳርፈው ወደ ታች ተጫኑት። "ዝቅ። ቀድመህ አንተ ግባበት። ቀድሞ የመታ አይመታም።" ልጄ በዚያ እጅ ሥር ጎንበስ ብሎ ፈገግ ይል ነበር።

የዚያን ቀን ጋሼ ምሳቸውን በራሳቸው እጅ በሉ። እትዬንም በስሟ ጠሯት። እሷም በረንዳ ላይ ወጥታ ጀርባዋን ሰጥታን ቆየች። "ከክረምቱ ወዲህ ስሜን ጠርቶት አያውቅም" አለችኝ ስትመለስ።

እናም ልጄ በየሳምንቱ መምጣት ጀመረ። ትምህርቱን ሲጨርስ በአውቶቡስ ይመጣል፣ ሺፍቴ ሲያልቅ አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን። ጋሼ አንዳንዴ ያስታውሱታል፣ አንዳንዴ እንደ አዲስ ይተዋወቁታል፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ዝቅ። ግባበት። አትውጣ። ሜዳ ላይም ለውጡ ታየ። ልጄ መዞሩን እየተወ መጣ። ጋዝ ስቴሽን ያሉት ሰዎች "እየተማረ ነው" ይሉኝ ጀመር።

አንድ ቀን ልወጣ ስል እትዬ እስከ መኪናው ተከትላኝ መጣች።

"ልጅህን ከእንግዲህ አታምጣው።"

"አስቸገራችሁ እንዴ?"

"አይደለም" አለችና እጆቿን በሹራቧ ኪስ ከተተች። "እኔ በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ባንድ ውስጥ ክላሪኔት እነፋ ነበር። የምንቆመው ሜዳው ጠርዝ ላይ ነው። ከላይ የተቀመጠው ሕዝብ እሱ ተመትቶ ሲነሣ ነው የሚያየው፤ እኔ ግን ዓይኑን አየው ነበር። አንዳንድ ጊዜ ተነሥቶ፣ እያየኝ፣ አያውቀኝም። በማግስቱ ስነግረው አብረን እንስቅ ነበር። ገና ልጆች ነበርን።"

እሺ አልኳትና ሄድኩ። ለልጄ ጋሼ ደክመዋል ብዬ ነገርኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ግን፣ ልጄ ይመጣበት በነበረው ሰዓት፣ እትዬ መስኮቱ ጋ ቆማ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ መንገዱን ታያለች። ጋሼ ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ቃል አልተናገሩም ነበር።

"ዛሬ አይመጣም?" አለችኝ፣ ሳትዞር።

አስመጣሁት። እሷም ያንን ወሬ ዳግመኛ አላነሣችውም።

የደረሰው ነገር የደረሰው ከሉዊስ ሴንተር በኩል ካለ ትምህርት ቤት ጋር ሲጫወቱ ነው። ፀሐይ ልትገባ ነበር፣ የሜዳው መብራት ገና መብራቱ ነው። ልጄ ኳሷን ይዞ ወደ እኛ በኩል መጣ። መስመሩ አጠገቡ ነበር፤ አንዲት እርምጃ ወደ ጎን ቢል ይወጣል። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ሄልሜት ከሄልሜት ሲጋጭ የሚሰማውን ድምፅ ከዚያ በፊትም ሰምቼዋለሁ፤ የዚያን ዕለቱ ግን ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነበር። ወደቀ። ከዚያ ተነሣ። ሕዝቡ አብሮት ተነሣ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ትከሻዬን መቱኝ። ጸጉር ቤት ያገኘሁት ሽበታሙ ከኋላዬ ነበር።

"አሁን ገና ሰውዬውን መሰለ" አለኝ።

እኔ የማየው ልጄን ነበር። ረጋ ብሎ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ተጋጣሚው ቡድን ሄደና በእነሱ ልጆች መሃል ቆመ። ልጆቹ ተያዩ። ከአሠልጣኞቻቸው አንዱ በቀስታ ክንዱን ይዞ ወደኛ መለሰው፤ ልጄም እንደ ሕፃን ተከተለው።

ኮንከሽን፣ የአንጎል መናወጥ ነው አለ ሐኪሙ። እረፍት ታዘዘለት፣ ስልክም ብርሃንም ተከለከለ። ባለቤቴ ከዌርሃውስ፣ ከመጋዘን ሥራዋ ፈቃድ ወስዳ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ጠዋት ጠዋት ግንባሩን ጸበል ታስነካዋለች፣ እሱም ዓይኑን ይጨፍንላታል። ቀን የጋሼን መጋረጃ ዘግቼ እውላለሁ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ የልጄን እዘጋለሁ። ክፍሉ ገብቼ ስቀመጥ፣ "ጌሙን አሸነፍን?" ይለኛል። "አሸነፋችሁ" እለዋለሁ። ትንሽ ይቆይና፣ "ዳድ፣ አሸነፍን?" ይለኛል።

እየዋለ እያደረ ተሻለው። ሳቁ ተመለሰ፣ ክፍሉን ከፈተ። ሐኪሙ መጫወት ይችላል ሲል ግን ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። ባለቤቴ፣ "እኔ ልጄን ለጭብጨባ አልወለድኩም" አለች። ልጄ በእንግሊዝኛ መለሰላት፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል አላት። እኔ መሃል ቆሜ ቀረሁ። በማግስቱ ለእትዬ ነገርኳት።

"ማክሰኞ ጠዋት አምጣው" አለችኝ። "እሱ ደህና የሚሆንበትን ቀን አትጠብቅ። እንዲያውም ደህና ባይሆን ይሻላል።"

የዚያን ማክሰኞ ከትምህርት ቤት አስቀረሁት። ስንገባ ጋሼ ካናቴራቸውን ገልብጠው ለብሰው ሳሎኑ መሃል ቆመዋል። ልጄን ሲያዩ ወደ ኋላ አፈገፈጉና ማን አስገባው ብለው ጮኹ። እትዬ አረጋግታ አስቀመጠቻቸውና ፊልሙን ከፈተችው። ያ አንገቱን የደፋው ጎረምሳ መሮጥ ጀመረ። ጋሼ ትኩር ብለው አዩት።

"ማነው ይሄ ልጅ?" አሉ።

"እርስዎ ነዎት" አላቸው ልጄ።

ጋሼ ሳቁ። የማያውቁት ሰው ቀልድ ሲነግራቸው በጨዋነት እንደሚስቁት ያለ ሳቅ ነበር። መልሰው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። ልጁ ሲመታ ትከሻቸው ሰቅጠጥ አለ። "አጥፊው" አሉ። "እናቱ የለችም እንዴ? አጥፊው።" እትዬ አጠፋችው። ጋሼ ማልቀስ ጀመሩ፣ ለምን እንደሚያለቅሱም አልገባቸውም። ልጄ በሩ ጋ ሄዶ ቆመ።

ወደ ቤት ስንሄድ ብሮድ ስትሪትን እስክንጨርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር። እኔም ያየው ይበቃዋል ብዬ ነበር።

"ዳድ" አለኝ በመጨረሻ። "በእሱ ጊዜ ሄልሜቱ የድሮ ነበር። ኮንከሽን የሚባል ነገር እንኳ አያውቁም ነበር። ከእነሕመማቸው ነበር የሚያጫውቷቸው። እኔ እሱን አይደለሁም።"

ያ ሁሉ ሰው ከእሳቸው ጋር ሲያወዳድረው፣ እሳቸውን ለመምሰል ሲደክም የከረመ ልጅ፣ አሁን ልዩነታቸውን አንድ በአንድ ይዘረዝርልኛል። የሚለው ሁሉ እውነት ነበር።

ለመጨረሻዎቹ ጌሞች ተመለሰ። ባለቤቴ ቤት ቀረች፤ እኔ ሄድኩ። ከመስመር አልወጣም። ምንም አልሆነም፤ ቡድኑም አሸነፈ፣ ሰዎቹም አቀፉኝ።

በክረምቱ ጋሼ ሌሊት ከቤት ወጥተው በረዶ ላይ ስለተገኙ እትዬ ሳትወድ መንከባከቢያ ቤት አስገባቻቸው። ቤቱን ሸጣ ሚነርቫ ፓርክ የሚባል ሰፈር ያለች እህቷ ጋ ገባች። እኔም ሌላ ሰው ቤት ተመደብኩ። ልጄን አንድ ትንሽ ኮሌጅ ለፉትቦል ወሰደው። ሲሄድ አንገቱ ወፍሮ፣ ትከሻው ሰፍቶ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት እትዬን ልጠይቃት ሄድኩ። ከጓሮዋ የለቀመችውን የመጨረሻ ቲማቲም በከረጢት ሰጠችኝ። ስለ ጋሼ ብዙ አላወራችም። ስለ ልጄ ጠየቀችኝ።

"ይጫወታል" አልኳት።

"ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"መቼ ነው ያናገርከው?" አለችኝ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ደወልኩለት፤ አላነሣም። ልምምድ ላይ የሚሆንበት ሰዓት ነው ብዬ፣ ሞተሩን ሳላስነሣ እዚያው ተቀምጬ ጠበቅኩ። ቆይቶ መልሶ ደወለ። ስለ ካፍቴሪያው ምግብ ነገረኝ፣ ልብስ ማጠቢያው ማሽን እንደተበላሸ ነገረኝ፣ ትንሽ ደክሞኛል አለኝ። እሺ፣ እሺ እያልኩ ነበር። ከሚያወራው ይልቅ ድምፁን አዳምጥ ነበር።