ለግብር ቢሮ ሽማግሌ የላክን ጊዜ

እኔ ስደነግጥ ሳቅ ያፍነኛል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር አሳፍሮኛል። የግብር ቢሮው ደብዳቤ ሱቄ ድረስ የመጣ ዕለትም አንብቤ ስጨርስ የሳሙና ካርቶን ላይ ዘፍ ብዬ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ሶፍት ሊገዙ የገቡ ሴትዮ ሎተሪ የወጣልኝ መስሏቸው እንኳን ደስ ያለሽ ብለውኝ ሄዱ።

ሱቄ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ብዙም ሳይርቅ መንገድ ዳር ናት። ለታሳሪ ስንቅ የሚያመላልሱ ሰዎች ምሳ ዕቃና ሳሙና ይገዙኛል። ፈቃዴ የሸቀጣ ሸቀጥ ነው፤ ግብሬንም በጊዜው እከፍላለሁ። ደብዳቤው ግን ሌላ ሰው አደረገኝ። ያለ ፈቃድ በድንኳን፣ በወንበርና በድስት ኪራይ ሥራ ተሰማርተው ስለተገኙ፣ በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይስጡ፣ አለበለዚያ ሱቁ ይታሸጋል ይላል። ማኅተሙ ደግሞ የሳህን ያህል ነው።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እኔ የሰፈራችን ዕድር ንብረት ያዥ ነኝ። ከሱቄ መጋረጃ ጀርባ የዕድሩ ድንኳን፣ እስከ ጣሪያ የተደራረቡ ወንበሮችና ጎረምሳ የሚያስተኙ ድስቶች አሉ። ከሁለት ሳምንት በፊት የቢሮው ሰዎች ደረሰኝ ሊያዩ ሲመጡ፣ ሁለት የዕድራችን አባላት ለለቅሶ ወንበር በጋሪ እየጫኑ ነበር። እኔም ቆጥሬ፣ ደብተር ላይ አስፈርሜ ሰጠኋቸው። ከመጡት አንዱ አንገቱን አስግጎ ሲያይ አይቼዋለሁ። ወንበሩ አምሮት ነው ብዬ ኮራሁ እንጂ ሌላ አላሰብኩም።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ዕድሩ ሰብሳቢ ሮጥኩ። ከክር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። በጽሑፍ የሚለውን ጠበቅ አድርጌ አነበብኩላቸው። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብ ያበረዱት፣ ባልና ሚስት ያስታረቁት በአፍ ነው። ለተቀየመ ሰው ወረቀት መላክ ንቀት ነው፣ የሚላከው ሽማግሌ ነው አሉኝ። መከራከር ነበረብኝ፤ አልተከራከርኩም። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ደስ አለኝ። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ለሁሉም የሚመች ቀን እስኪገኝ ግን ዘጠኙ ቀን አለቀ። ሌሊት ሌሊት በሱቄ በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ይታየኝ ጀመር።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት እኔና ሦስት ሽማግሌዎች ሚኒባስ ተሳፈርን። ሰብሳቢያችን፣ ሳሪስ ቅመም የሚነግዱ የስልጤ ሐጂ፣ እንዲሁም እርሻቸው ሰፈር የሆነባቸው፣ የድሮ ገበሬ የሆኑ ኦሮሞ አባት ነበሩ። ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ረዳቱ የማንን ልጅ ልትጠይቁ ነው ሲለን ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁት።

ቢሮው በሰው ጢም ብሏል። ተራችን ሲደርስ ከጠረጴዛው ጀርባ ያለችው ወጣት ሽማግሌዎቹን አይታ ብድግ አለች። ወንበር ስባ እንዲቀመጡ ለመነቻቸው። ማን ሊቀመጥ! ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። ሰብሳቢው ከዘራቸውን ተደግፈው ስለ ደግነቴ አወሩ። ሐጂው መረቁ። ሦስተኛው አባት አጥፍታ ከሆነ እኛ እንክሳለን አሉ። ከኋላችን ከተሰለፈው ሰው ግማሹ አሜን ይላል፣ ግማሹ ያጉረመርማል። አንዱ የምትዳረው የትኛዋ ናት ብሎ ጠየቀ። እኔ ሱቄ ሊታሸግ ሰዓታት ቀርተው፣ ሆዴን ይዤ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ በሳቅ እንፈቀፈቃለሁ።

ወጣቷም ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እንደምንም ዋጠችው። "አባቶቼ፣ እኔ ብምር መዝገቡ አይምርም" አለች። "መዝገብ የሚያውቀው ወረቀት ብቻ ነው። ወንበሩ የማን እንደሆነ ጽፋችሁ ስጡኝ።"

ነጭ ወረቀት አቀበለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ምስኪን የልጆች እናት ብዬ ስጀምር ቀስ ብላ አስቆመችኝ። ከላይ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን፣ ከዚያ ለተጠየቅሁት ብቻ መልስ እንድጽፍ ነገረችኝ። አምስት መስመር በቃኝ። ዕቃው የዕድር ነው። ለአባላት በነጻ ይሰጣል። ኪራይ ተቀብዬ አላውቅም። እኔ ጠባቂ ነኝ። ማስረጃው ተያይዟል። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የዕድሩን የምዝገባ ወረቀት ግን ከየት አመጣለሁ ብዬ ስርበተበት፣ ሰብሳቢው ከደረት ኪሳቸው መዘዝ አደረጉት። ለካ ከቤታቸው ጀምሮ ይዘውት ነው የመጡት። ማንም አልጠየቀኝም አሉ።

ወጣቷ ወረቀቱን አይታ፣ ደብተሩን ገልጣ ፊርማዎቹን አንድ በአንድ አነበበች። ደብዳቤዬን መዝግባ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም መትታ መለሰችልኝ። "ሱቅዎ አይታሸግም" አለችኝ። ሽማግሌዎቹም አሁን ጉዳያችን ተፈጸመ ብለው ተቀመጡ።

እሷ ግን ደብተሩን አልዘጋችውም።

"ያንን ደብዳቤ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ" አለች። "ባልደረቦቼ ወንበር ከሱቅ ሲወጣ አየን ሲሉኝ ኪራይ ነው ብዬ ነው። አባቴ ሲያርፍ ኮዬ ፈጬ ገና መግባታችን ነበር፣ ዕድር የለን። ወንበሩን ተከራየን። በሁለተኛው ቀን ሰው ተቀምጦበት እያለ ባለቤቱ ሰዓቱ አልቋል ብሎ መጣ። እንግዶቻችንን አስነስተን ሰጠነው።"

ሦስቱም ሽማግሌዎች ብድግ አሉ። ሰብሳቢው ነፍስ ይማር አሉ፣ ሐጂው አላህ ያጽናሽ አሉ፣ ሦስተኛው አባት ትከሻዋን ነካ አደረጉ። ከዚያ ለቅሶ ለመድረስ እንደመጣ ሰው ተመልሰው ተቀመጡላት። ከኋላችን ከተሰለፈው ሰው ተራዬ ያለ አልነበረም።