በአንድ ቶብ የተነሡ ሴቶች

ከጦርነቱ ስደት ወደ ካርቱም ስንመለስ ሳጃና ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ የጠበቁን ባዶ ወለልና ፎቶዎች ነበሩ። ዘራፊዎቹ ማቀዝቀዣውን፣ በሮቹን፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን የመብራት ሽቦ ሳይቀር ስበው ወስደዋል። የፎቶ ፍሬሞቹንም አልማሩም፤ ፎቶዎቹን ግን ከውስጣቸው እያወጡ መሬት ላይ በትነዋቸው ሄደዋል። የሰው ዘመድ ለሌባ ምን ያደርግለታል? ተንበርክኬ ለቀምኳቸው። የጫማ ምልክት ያረፈባቸውን በቀሚሴ ጫፍ ጠራረግኩና የዳቦ ፌስታል ውስጥ ከተትኳቸው። እናቴ በሩ በነበረበት ቦታ ቆማ፣ "ምን ተረፈ?" አለችኝ።

"ሰው ብቻ" አልኳት። ተናድጄ ነበር።

እናቴ አታይም። ስኳር ዓይኗን ሲያደክመው ቆይቶ፣ በስደቱ ጊዜ መድኃኒት ስታጣ ብርሃኗን ጨርሶ ወሰደው። ያን ፌስታል ሙሉ ሕዝብ የምታውቀው እሷ አታይም፤ የማየው እኔ ደግሞ አላውቃቸውም። አባቴ ሱዳናዊ ነው፤ የእሱን ዘመዶች ከነኩርፊያቸው አውቃቸዋለሁ። የእናቴ ወገኖች ግን ለእኔ በስልክ ውስጥ የሚጮሁ ድምፆች ብቻ ነበሩ።

ፎቶዎቹን የመለየቱን ነገር ያጣደፈችው የአክስቴ ልጅ ናት። እናቴን ወደ ካርቱም ያመጣቻት ታላቅ እኅቷ ነበረች። ሴት ልጇን ጡት እንዳስጣለች ወሎ፣ የባሏ ዘመዶች ዘንድ ትታ መጣች፤ እዚህ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ታማ ሞተች። ልጅቱን የአባቷ ወገኖች ይዘዋት ሌላ አገር ሄዱና ዱካዋ ጠፋብን። ጦርነቱ ገዳሪፍ ከተማ በጣለን ጊዜ ያገኘናት፣ እናቴ ከዱሮ የምታውቃት አንዲት የወሎ ሴት ናት በስልክ አጠያይቃ ያገኘችልን። አሁን የአክስቴ ልጅም ራሷ የልጆች እናት ናት። የእናቷን መልክ ግን አንድም ቀን አይታ አታውቅም፤ ያኔ በሰው እጅ የተላከላት ፎቶ ድንበር ላይ ከነሻንጣው ጠፍቷል። ፎቶዎቻችን መትረፋቸውን ስትሰማ ደወለች። ከሰላምታው በፊት፣ "እናቴ አለችበት?" አለችኝ።

ስለዚህ ጎረቤት ባዋሰን የገመድ አልጋ ላይ እንቀመጥና እኔ እያየሁ እናገራለሁ፣ እናቴ እየሰማች ትለያለች። "ጺም ያለው፣ ጥርሱ ፍንጭት" ስላት "የእከሌ ባል፤ ተይው፣ ሰካራም ነው" ትላለች። እንዲህ እንዲህ ስንል አንዲት ብቻዋን የተነሣች ወጣት ላይ ደረስኩ።

"ምን ለብሳለች?"

"ቶብ። ሰማያዊ፣ ዳር ዳሩን ብርማ አበባ ያለው።"

እናቴ ደረቷን ደቃች። "እሷ ናት! ወላሂ እሷ ናት፣ በዚያ ቶብ ነው የተነሣችው! ያላ፣ ላኪላት!"

ፎቶውን በስልኬ አንስቼ ልልከው ስል ከሥሩ ያለውን አየሁ። ሌላ ሴት፣ ያው ቶብ። ከዚያም ሌላ። ከዚያም ሌላ።

"ዩማ" አልኳት፣ እንደ ሱዳን ልጆች እናቴን ስጠራ፤ "አራት ሴቶች ናቸው የለበሱት። አንደኛዋ ደግሞ አንቺ ነሽ።"

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ረስቼው! የማዳም ቶብ ነዋ!"

ነገሩ እንዲህ ነበር። አል-ጣኢፍ በሚባለው የሀብታም ሰፈር አክስቴ የምትሠራበት ቤት እመቤት አንድ ያገለገለ ቶብ ሰጥታት ነበር። ሱዳናውያን ሴቶች በቀሚሳቸው ላይ የሚጠመጥሙት ያ ረጅም ስስ ልብስ የሳጃናዋ ቤት የጋራ ንብረት ሆነ። ያኔ እዚያ አብረው የተከራዩት እናቴ፣ አክስቴና ሌሎች የወሎ ሴቶች ለአገር ቤት ፎቶ መላክ ባማራቸው ቁጥር በተራ እየለበሱት ስቱዲዮ ይሄዳሉ። ደልቷታል እንዲባል ነው። አንዱ ቅጂ ወሎ ይሄዳል፣ ሁለተኛው እናቴ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። እሷ እየሳቀች ስታወራ እኔ ስልኩን አስቀመጥኩ። ለእናት አልባ ልጅ የሰው እናት ልልክላት ነበር።

የእናቴን ሳንቆጥር ሦስት ቀሩ። ወሎ ያለው አጎቴ ዘንድ ደወልኩ። አጎቴ ዘር ቁጠር ሲሉት ትንፋሽ ሳይወስድ እስከ ሰባት ቤት ይወርዳል፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ስልኩ ፎቶ ስለማይቀበል እኅቱ ምን ትመስል እንደነበር ስጠይቀው፣ "ጠይም ነበረች። መልካም ሴት፣ አላህ ይዘንላት" አለኝ።

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

ለወንድም ይህ ይበቃዋል ማለት ነው። ገዳሪፍ ላለችው ሴትዮ ደግሞ ሦስቱንም ላክሁላት፤ እሷም ዱሮ በዚያ ቤት አልፋለች ብላ እናቴ ስለነገረችኝ ነው። ወዲያው በድምፅ መለሰችልኝ፦ "መሐለኛዋ እኔ ነኝ! እንዲህ ቀጭን ነበርኩ እንዴ? ሌሎቹን እንጃ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ይሆናሉ።" ሁለት ቀሩ።

የአክስቴ ልጅ በየቀኑ ትደውላለች። "ሁለቱንም ላኪልኝ፣ ደሜ ይነግረኛል" ትለኛለች። እናቴ እምቢ አለች። "ደም አይናገርም፤ የሚናገረው ናፍቆት ነው። መጀመሪያ ያየቻትን ትመርጣለች" አለች። ልክ ናት።

"እስቲ ፊቷን ንገሪኝ" አለችኝ። ያኔ ጉድ ፈላ። የእኔ አማርኛ የወጥ ቤትና የቁጣ ነበር፤ ቅመሙን ሁሉ፣ ስድቡን ሁሉ አውቃለሁ፣ የሰው ፊት መናገር ግን አላውቅም። ሰልካካ፣ ጎራዳ፣ ግንባረ ሰፊ እያለች ቃሉን እሷው ታቀብለኛለች፣ እኔ ከፎቶው ጋር አስተያያለሁ። ሁለቱም ሰልካካ፣ ሁለቱም ጠይም፣ የሁለቱም ግንባር ሰፊ ሆነ። በመጨረሻ እናቴ እጇን ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ "እኅቴን ረሳኋት" ብላ አለቀሰች። ቤታችን ባዶ ሆኖ ስናገኘው እንኳ እንደዚያ ልቤ አልተሰበረም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ልወስዳት ቶቧን አለብሳታለሁ። አዙሬ ጫፉን ግራ ትከሻዋ ላይ ስጥለው እጄን ያዘችኝ።

"እንዳንቺ አታለብሰኝም ነበር" አለች።

"ማን?"

"እኅቴ። ቶብ መልበስ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ጫፉን ሁልጊዜ በቀኝ ትከሻዬ ነው የምትጥለው፣ የራሷንም እንደዚያው። ግራኝ ነበረች። ሱዳኖቹ ባዩን ቁጥር ይስቁብን ነበር።"

ፌስታሉን ፍለጋ ሮጥኩ። እናቴም፣ የገዳሪፏም፣ ሌላዋም ጫፉን በግራ ጥለውታል። አንዲቱ ብቻ በቀኝ ትከሻዋ ጥላ፣ በግራ እጇ ያዝ አድርጋዋለች። "በቀኝ ነው፣ ዩማ" ስላት መሬት ላይ ተቀመጠች። ጤና ጣቢያው ቀረ።

ፎቶውን ላክሁት። የአክስቴ ልጅ ቆይታ ደወለች፤ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። "በምን ለያችኋት?" አለችኝ። ነገርኳት።

"ግራኝ ነበረች?"

"እናቴ ናት የነገረችኝ።"

"እኔም ነኝ" አለች። "የአባቴ ወገኖች ዘንድ ስበላም ስጽፍም በግራ ባልኩ ቁጥር እጄን በጨርቅ ያስሩት ነበር። 'ይህን ከየት አመጣሽው? በእኛ ዘር የለም' ይሉኛል። እኔም ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም ነበር። ትንሿ ልጄም እንደኔው ናት። ትናንት በዚሁ መታኋት።"

እናቴ ድምፁን ተከትላ መጥታ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

"ስሚኝ ልጄ፣ ለመብላቱ ቀኟን ቀስ ብለሽ አስለምጃት፣ ለሌላው ተዪያት። ከእንግዲህ እንዳትነኪያት። አሁን ጥሪያትና አያቷን አሳዪያት።"