የሀጂ መንሱር መጋዘን ግድግዳ

ቆቦ ውስጥ የሚታየው ማስታወቂያ ሁሉ የአርአያ እጅ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም። የፀጉር ቤቱን መቀስ፣ የጥርስ ሐኪሙን ትልቅ ጥርስ፣ የባጃጆቹን የኋላ ጥቅስ፣ የሆቴሉን ጋማው የተበተነ ፈረስ የሣለው እሱ ነው። አባቱ ከማይጨው መጥተው እዚሁ ሲነግዱ ኖረው እዚሁ ተቀበሩ፤ እሱም ብሩሽ ከያዘ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። አንድ ልማድ አለው። ሌላው ጸሐፊ ፊደሉ ጎልቶ እንዲታይ የሚቀባለትን ጥላ በቀኝ ሲያደርግ እሱ በግራ ያደርገዋል። እንደ ፊርማ የሚኮራበት ይህ ጥላ ነው እንግዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላም የነሳው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ፣ ታጣቂዎች አርአያን ከቤቱ አውጥተው ከገበያው ጀርባ ባለው የሀጂ መንሱር የእህል መጋዘን ግድግዳ ፊት አቆሙት። ቀይና ጥቁር የዘይት ቀለም ሰጡትና «ይህች ከተማ ከእንግዲህ የእኛ ናት ብለህ ጻፍ» አሉት። መሣሪያው ከጀርባው ነበር፤ ጻፈ። ያ እርጉም እጁ ግን በልማዱ ጥላውን በግራ አደረገበት። ታጣቂዎቹ በወጡ ማግስት ጎህ ሲቀድ ሄዶ ኖራ ለቀለቀበትና ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ዝር አላለም። ኖራ በዘይት ቀለም ላይ አንድ ክረምት እንደማይሻገር ከእሱ የበለጠ ማን ያውቃል? ዝናብ በዘነበ ቁጥር «ዛሬ ረገፈ፣ ዛሬ ታየ» እያለ ልቡ ይሰቀላል። ወዶ ነው የጻፈው ቢሉትስ? ታጣቂዎቹ በመጡበት በኩል ያለ፣ የማይጨው ሰው ልጅ ነው፤ ማን ያምነዋል? ሚስቱን ምሕረትንና ልጆቹን ይዞ ወዴት ይሄዳል?

ዘንድሮ በጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣችው መምህርት ፍሬዓለም ተማሪዎቿን ይዛ የከተማውን ሥዕልና ሕንጻ በእግር ላስጎብኝ ብላ ተነሳች። ቆቦን! ሰው ላሊበላን ይጎበኛል እንጂ ቆቦን ማን ጎብኝቶ ያውቃል? አስረጂው ደግሞ አርአያ ይሁን አለች። እምቢ ማለት ከበደውና ሄደ።

የሆቴሉ ፈረስ ጋ ሲደርሱ «ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ተመልከቱ» አለች ፍሬዓለም። «ጋሽ አርአያ ጥላውን በግራ ነው የሚያደርጉት። እጃቸውን በዚህ መለየት ይቻላል።»

ተማሪዎቹ ጨዋታ አገኙ። ራቢዓ የምትባል ምንም የማያመልጣት ልጅ «ይቺም የእሳቸው ናት! ያቺም!» እያለች ከፊት ከፊት ትሮጣለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስታውን አይችለውም ነበር። አሁን ግን ልጆቹ የሚማሩት እሱን መያዣውን ነው።

«መጨረሻ ላይ የሀጂ መንሱርን መጋዘን እናያለን» አለች መምህርቷ። «እንደሱ ያለ የድንጋይ ሥራና የእንጨት በረንዳ በከተማው የቀረ ሌላ የለም።»

አርአያ ፊቷ ቀደም ብሎ ቆመ። «ኧረ መምህርት፣ ፀሐዩ በረታ፤ ልጆቹም ደክሟቸዋል።»

«አልደከመንም!» አሉ ልጆቹ ባንድ አፍ።

ጥሎ ቢሄድ ይጠረጠራል፣ ቢከተል ይጋለጣል። መሬት መሬቱን እያየ፣ በሆዱ እመቤቴን እየለመነ ተከተላቸው።

ቀና ሲል ግድግዳው ድፍን ነጭ ነው። ዓይኑን አላመነም። ከታች በኩል ብቻ የመዳፍ ያህል ኖራ ተላጧል፤ ራቢዓ ግን ወዲያው አየችው። ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገች።

«ቲቸር፣ ከሥሩ ቀይ ጽሑፍ አለ! ጥላው ደግሞ... በግራ ነው! ጋሽ አርአያ፣ ይሄም የእርስዎ ነው እንዴ?»

አርአያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ተይ ልጄ፣ ግድግዳዬን አትፋቂብኝ» አሉ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሀጂ መንሱር። «የድሮ ማስታወቂያዬ ነው፤ እሱ ነው የጻፈልኝ። ይልቅ ግቡና የውስጡን ጣሪያ እዩ፤ አባቴ ያሠሩት ነው።»

ልጆቹ ከነመምህርታቸው ተንጋግተው ገቡ። አርአያ ከሽማግሌው ጋር ብቻውን ቀረ።

«ሀጂ፣ ያን ጊዜ እኔ...»

«አየሁህ እኮ። በዚህ መስኮት ውስጥ ነበርኩ። አፈሙዙንም አየሁ። ያንተ ኖራማ በመጀመሪያው ክረምት ረገፈ። ወላሂ፣ ክረምት በወጣ ቁጥር ሰው ሳይነሳ እየወጣሁ እለቀልቀዋለሁ። አንተ ግን ሦስት ዓመት ሰላምታህን ነፈግኸኝ።»

አርአያ እንባው ቀደመው። በከተማው ከማንም በላይ ሲፈራ የኖረው እኚህን የግድግዳውን ባለቤት ነበር።

ሀጂ መንሱር ከአግዳሚው ሥር የነበረውን የኖራ ባልዲ በእግራቸው ገፋ አደረጉለት።

«ዘንድሮ ወገቤ አልታጠፍ አለኝ፤ የታችኛው የቀረው ለዚያ ነው። ነገ በጠዋት ና፤ በኖራ ሳይሆን በዘይት ቀለም ድፈነው። ከዚያ ማስታወቂያዬን ጻፍበት። ልጅቷን ዋሽቻታለሁና እውነት አድርግልኝ። ጥላውንም በግራ አድርገው።»