ወፍጮ ቤቱ ከድልድዩ በፊት ነው

እትዬ ብርሃኔ ጉለሌ ባለ አንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ያጸዳሉ። ቁጡ ናቸው፤ እርጥብ ወለል የረገጠ ሰው ሐኪምም ቢሆን አይምሩም። ተወልደው ያደጉትም አሁን የሚኖሩትም ቀጨኔ ነው።

ሲናም የቀጨኔ ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው። መኪና ገጭቷት እግሯ ከተሰበረ ወዲህ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እናቷ ብትለምናት፣ ነርሶቹ ቢያጫውቷት፣ ዝም።

እትዬ ብርሃኔ ማባበል አይችሉበትም። አልጋዋ ሥር እየወለወሉ ወደ ቤታቸው የሚሄዱበትን መንገድ እንደ ተረት ያወሩላት ጀመር። «ከታክሲ ወርጄ ድልድዩን ተሻገርኩ። ከዚያ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ አንዲት አህያ መንገድ ዘግታ ቆማለች...»

«ወፍጮ ቤቱ ከድልድዩ በፊት ነው!» አለች ሲና።

እናቷ አለቀሰች። እትዬ ብርሃኔ ግን «እኔን ልታስተምሪኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆን ብለው መሳሳት ያዙ፤ ልብስ ሰፊውን ዳገቱ ላይ ያወጡታል፣ ቦኖ ውኃውን ቁልቁል ያወርዱታል። ሲና ለማረም ቀና ትላለች፣ ትከራከራለች፣ በዚያው ሾርባዋን ትጠጣለች።

በወሩ በክራንች ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች።

«እማ፣ እትዬ ብርሃኔ ከሥራ እስኪወጡ እንጠብቃቸው። ብቻቸውን ከሄዱ መንገዱ ይጠፋባቸዋል።»