ወለተ ማርያም ስንት አለች

ከጎንደር በወጣሁበት ሌሊት እናቴ ከአምባ ጊዮርጊስ ወርዳ አጎቴ አያ ካሴ ቤት ነበረች። ፊቴን በጠበል አበሰችና «ልጄ በሰላም ደርሳ ሥራ ከያዘች ዣንጥላ አገባለሁ» ብላ ለጊዮርጊስ ተሳለች። እኔ ደግሞ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብዬ «እማ፣ የት እንደሄድኩ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ» አልኳት። ልጁ ከውጭ ገንዘብ ላከለት ተብሎ የታገተውን ጎረቤታችንን አይተናላ! ከብቱ ሁሉ ተሸጦ ነው የተመለሰው።

በሞያሌ አድርጌ፣ ናይሮቢን አልፌ ካምፓላ ገባሁ። ኧረ ሙቀቱ! የአገሬ የወገራ ብርድ ይናፍቀኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። ማቶኬ የሚሉትን ሙዝ ቀቅለው ያቀርባሉ፤ ይበላል፣ ግን ኮምጠጥ የማይል ምሳ ለኔ ምሳ አይመስለኝም። አከራዬ ገና ቤቱን ስታሳየኝ «ባል አለሽ?» አለችኝ። የለኝም ስላት «ታዲያ ኪራዩን ማን ሊከፍል ነው?» «እኔ!» ብል ከት ብላ ሳቀችብኝ።

ሥራ እንደያዝኩ ለቤት መላክ አሰብኩ። ጎንደር ኮምፒውተር ሳስተምር የኖርኩ ነኝና ስሜን የማያሳብቅ የኢንተርኔት ገንዘብ ፍለጋ ገባሁ። ቢትኮይን ስም የለበትም ይባላል፤ ዝውውሩ ግን ለዓለም የተሰጣ ነው፣ አንዴ አድራሻው የእናንተ መሆኑ ከታወቀ ዱካችሁን ወደ ኋላ ይከተሉታል። ዳሽ ገንዘባችሁን ከሌሎች ገንዘብ ጋር የሚያደባልቅበት ዘዴ አለው፣ ካልጠየቃችሁት ግን አያደባልቅም። ዚካሽ የምር ይሸፍናል፣ መሸፈኛውን ለለበሰ ነው እንጂ፤ ብዙው ሳይለብስ ሲሄድ የለበሰው ጥቂት ሰው ደግሞ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሞኔሮ ግን ሳይጠየቅ ላኪውንም ተቀባዩንም መጠኑንም ይሸሽጋል፤ ላኪውን ከሌሎች ሰዎች መሃል ያቆመዋል። የክርስትና ስም በሉት። ቄሱ «ወለተ ማርያም» ብለው ቢጣሩ ስንቷ ናት ቀና የምትል? ጨርሶ አይታወቅም ብሎ የሚምል የለም፣ ቢሆንም ከሁሉ እሱ ይሻላል ብዬ መረጥኩት።

ሞኔሮውን የሚሸጥልኝ ሰውዬ «ፓስፖርትሽን ከፊትሽ ጎን ይዘሽ ፎቶ ተነሺ» አይለኝ መሰላችሁ!

«ስሜ እንዳይታወቅ እኮ ነው የምገዛው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ስሙ እንዳይታወቅ የሚፈልገው ማን እንደሆነ ማወቅ አለብን» አለኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

ምን አማራጭ አለኝ፣ ፎቶውን ተነሣሁ። መሃሉን ሞኔሮ ይሸፍነዋል እንጂ ከዚህም ከዚያም ጫፍ ሰው አለ።

በዚያኛው ጫፍ አያ ካሴ የላክሁለትን ሞኔሮ ለሚያምነው ነጋዴ ሸጦ ብሩን ለእናቴ አደረሰ። «ሸጋ ነው፣ ማንም አላወቀ» አለኝ። ስለቷን ስታገባም በክርስትና ስሜ ብቻ እንድታስጠራኝ እናቴን አስማልኳት።

የጊዮርጊስ ዕለት ዣንጥላውን ይዛ ሄደች። ቄሱ እንደተባሉት «ስለ ወለተ ማርያም የተሳለ ዣንጥላ ገብቷል» አሉ፣ ሕዝቡም እልል አለ። አንዲት ጎረቤት «የትኛዋ ወለተ ማርያም?» ብላ ጠየቀች። እናቴን ደስታው አላስቻላትም። «ዝናሽ ናት! የኔ ዝናሽ! ካምፓላ ገብታ ሥራ ይዛለች!» ብላ እልልታውን አቀለጠችው። ይህን የነገረኝ አያ ካሴ ነው።

ብዙም አልቆየም፣ አባቴን ከእርሻው ላይ ወሰዱት። እስካሁን የለም። የጠየቁትን ገንዘብ ካምፓላን ሙሉ ብለምን አላገኘውም።

ትናንት እናቴ ጋ ደወልኩ። ልቆጣት ነበር፤ ድምፅዋን ስሰማ «እንዴት ነሽ እማ» ብቻ አልኳት።

«ምነው ልጄ፣ አባትሽ በኔ አፍ ነው እንዴ የሄደው?» አለችኝ።

«አይደለም እማ» አልኳት። ዋሸኋት።

አላመነችኝም። «ጊዮርጊስ እንዲያውቅሽ ብዬ እኮ ነው። ወለተ ማርያም ስንት አለች፤ ሌላዋን ጠብቆ አንቺን ቢረሳብኝስ?»

«ለአባትሽም ተስያለሁ» አለች ቀጥላ። «አሁንስ ተምሬያለሁ፣ በክርስትና ስሙ ብቻ ነው የማስጠራው። ገብረ ጊዮርጊስ፣ በቃ።»

«የለም እማ» አልኳት። «የዓለም ስሙን፣ ሞላ በይ። የአባቱንም ስም ጨምሪ። የሚያርስበትንም ቦታ ለጊዮርጊስ ንገሪው። ጮክ ብለሽ።»