በአውራ ጣቴ የሸፈንኋት ቀዳዳ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለወንድሞቼም። ለንስሐ አባቴ ጉዳዩን አንስቼላቸው ነበር፤ ግን «ተሳስቼ ሰው በደልሁ» ብዬ ነው የነገርኋቸው። እሳቸውም በስህተት ልክ ቀኖና ሰጡኝ። ጾሙን ጾምሁ፣ ስግደቱን ሰገድሁ፤ ኃጢአቴ ግን እንዳለ ተቀምጧል። አልተሳሳትሁማ! አውቄ ነው ያደረግሁት።

ደብረ ታቦር ውስጥ የግብር ኦዲተር ነኝ። ሥራዬን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። አንድ ፋብሪካ ለማሽኖቹ ጥገና ዕቃ ሲገዛ፣ ግራሶም ይሁን ኩሽኔታ ወይም ቺንጋ የሚባለው የማሽን ቀበቶ፣ በዋጋው ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል። ዕቃው በእርግጥ ለማሽኑ ከዋለ፣ ያ የተከፈለው ታክስ ፋብሪካው ለመንግሥት ከሚያስገባው ላይ ይቀነስለታል። ለሌላ ነገር ከዋለ ግን አይቀነስም፤ ቅጣትም አለው። ለማሽኑ ዋለ ወይስ አልዋለም የሚለውን አይቶ የሚጽፈው እኔ ነኝ።

እትዬ ጥሩወርቅን የማያውቅ የከተማችን ሰው የለም። ብስኩት ፋብሪካ አላቸው፤ ስንዴውን ከጉና ተራራ ሥር ካሉ ገበሬዎች ገዝተው እዚያው ያስፈጫሉ። ነጠላቸውን በሩ ጀርባ ካለ ሚስማር ላይ ሰቅለው፣ ቱታ ለብሰው ከማሽን ሥር የሚገቡ ሴት ናቸው። ስንዴውን ወደ ላይ የሚያወጣ ሰፊ ቺንጋ አለ፤ ትንንሽ ባልዲዎች በብሎን ታስረው ተደርድረውበታል። እትዬ ጥሩወርቅ ይህ ቺንጋ እስኪበጠስ አይጠብቁም። አንድ ጊዜ ተበጥሶ የሠራተኛ እጅ ስለጎዳ፣ ገና መላላት ሲጀምር ያስቀይሩታል። የወጣውን ደግሞ አይሸጡትም። ባልዲዎቹን ያስፈቱና፣ ቺንጋውን በቁመቱ አስተልትለው፣ ስንዴ ላመጣ ገበሬ በነጻ ይሰጣሉ። ገበሬው ምራን ያደርገዋል፤ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር ያስርበታል። የቆዳ ምራን በክረምት ይበሰብሳል፤ ይኸኛው ግን ስንት በሬ ያሳልፋል። ገንዘብ እንስጥ ያሏቸው እንደሆነ ይቆጣሉ። «ስንዴውን ያበቀለልኝ በሬ አይደል? ለበሬው ነው የሰጠሁ!» ይላሉ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ደግ ሰው አይቻለሁ፤ ደግነቱን እንዲህ በሬ ላይ አሳብቦ የሚያመልጥ ግን አላየሁም።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሁ? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አባቴ አያ ቢሻው ከጉና ሥር የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ምራናቸው ከእትዬ ጥሩወርቅ የተሰጠ ነው። በልጅነቴ አንድ ቀን ምራኑን ይዤ ስጫወት፣ ብሎን በነበረባት ቀዳዳ አውራ ጣቴን አስገብቼ አልወጣ አለኝ። ጩኸቴን ለቀቅሁት። አባቴ እየሳቁ ቅቤ ቀቡኝና፣ ጣቴን በመዳፋቸው እያሹ እያሹ አወጡልኝ። እንግዲህ ያችን ቀዳዳ ከእኔ የበለጠ ማን ሊያውቃት ይችላል?

የእትዬ ጥሩወርቅ ፋብሪካ ኦዲት ሲደርሰኝ ለመሥሪያ ቤቱ አዲስ ነበርሁ። የቢሮ ጓደኞቼ ይተርቡኝ ጀመር። «ያገርህ ሰው ናቸው፤ አንተ በሳቸው ላይ ምን ልታገኝ!» ይሉኛል። ጥፋት ያገኘ ኦዲተር በስብሰባ ይመሰገናል። እኔን አንድም ቀን ያመሰገነኝ የለም። ለምስጋና ብዬ ነው? አዎ፣ ለምስጋና ብዬ ነው። የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ ምንኛ በወደድሁ።

የቺንጋው ግዢ በዝቶብኛል አልሁ። እትዬ ጥሩወርቅ «ልጄ፣ ና ግባና ከማሽኑ ሥር እይ» ቢሉኝ፣ ጊዜ የለኝም ብዬ ወጣሁ። በገበያ ቀን ገሳይ ወደምትባለው ከተማ ሄድሁ። አንዲት በቅሎ ጭነቷ በዚያው ቺንጋ ታስሮ ቆማለች። ቺንጋው በጊዜ ስለሚቀየር ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ማሰሪያውን ያዝ አድርጌ በስልኬ ፎቶ ላነሳ ስል የብሎኗ ቀዳዳ ታየችኝ። ቺንጋው ማሽን ላይ ሲሠራ እንደኖረ የምትመሰክረው ቀዳዳ። አውራ ጣቴን አኖርሁባት። ሸፈንኋት። ፎቶውን አነሳሁ። ቢሮዬ ተመልሼም «ለጥገና ተገዛ የተባለው ቺንጋ ለማሽን ሳይውል ለሌሎች ተላልፏል» ብዬ ጻፍሁ። ጣቴ ሸፈነ፣ ጣቴ ጻፈ እንዳልል፣ ጣቴን ያዘዘው ማን ነው? እኔ ነኝ።

ተቀናሹ ተከለከለ፤ ቅጣት ተጨመረበት። አዲስ ቺንጋ የሚገዛበት ገንዘብ እዚያ ላይ ቀረ። ሌላ ባለፋብሪካ ቢሆን በላላው ይገፋ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ማሽኑን አቆሙት። «የሰው እጅ ከሚበላ እኔን ይብላኝ» አሉ አሉ። ሠራተኞቹ ቤታቸው ዋሉ። ከተማውም «ለካ ዕቃውን በጓሮ ያወጡት ኖሯል!» ይል ጀመር፤ ያንን የመሰለ ስም በአንድ ሳምንት ጭቃ ተለቀለቀ። እኔ በስብሰባ ተመሰገንሁ። ተጨበጨበልኝም።

እትዬ ጥሩወርቅ ይግባኝ አሉ። አቤቱታቸው በኮሚቴ በሚታይበት ዕለት ጠበቃ ይዘው አልመጡም። ከኋላቸው ግን የጉና ሥር ገበሬዎች ነበሩ። የእርሻ ወቅት ነው። እያንዳንዱ ምራኑን ከሞፈሩ ፈትቶ፣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በዝናብ በእግሩ መጥቷል። በሬዎቻቸው ቆመው ነው የዋሉት! ማንም አልጠራቸውም፤ ወሬው ደርሷቸው ነው። እንዲያ ያለ ሰው ከኋላው የሚቆምለት መሆን እንዴት ያስቀናል! ከፊት የቆሙት አባቴ ነበሩ። ሰብሳቢው «ኦዲተሩ እሱ ነው» ብሎ ሲያመለክት፣ አባቴ አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ምራናቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ጌቶቼ፣ ጥማዴን ፈትቼ ነው የመጣሁ» አሉ። «ይኸው ቀዳዳው። የባልዲው ብሎን የነበረበት ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ያልሠራበት ቺንጋ ሰጥተውን አያውቁም።» ከዚያ መሬት መሬት እያዩ፣ «ይህን ልጅ ግን አትቆጡብኝ። ቀለም ሲቆጥር ከሞፈር ርቆ ነው። አላወቀም» አሉ።

ሰብሳቢው የእኔን ፎቶ ከምራኖቹ አጠገብ አስቀምጦ ተመለከተ። «ቀዳዳው ላይ ጣትህ አርፎበት ኖሯል እኮ!» ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ውሳኔው ተሻረ። እትዬ ጥሩወርቅ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። «ባላወቀ ሰው ላይ ምን ቂም ይያዛል? ይቅር ለእግዜር» አሉኝ። አፌን ከፍቼ «አውቅ ነበር» ማለት የምችለው ያኔ ነበር። እጅ ነሥቼ ይቅርታቸውን ተቀበልሁ። የማይገባኝን ወሰድሁ። ይህ ስርቆት አይደለም?

አባቴን እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው። መለያያው ላይ እጄን ያዙና፣ ያችኑ በልጅነቴ ከቀዳዳዋ ያወጧትን አውራ ጣቴን በመዳፋቸው አሹልኝ። ቀስ አድርገው፣ እንደዚያን ጊዜው። ምራናቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ሄዱ።

ያኔ ገባኝ። አባቴ አልረሱም። እንደማውቅ ያውቁ ነበር። በድንበር ክርክር እንኳ «አያ ቢሻው ካሉ ይበቃል» የሚባልላቸው ሰው፣ በዚያ ሁሉ ጎረቤት ፊት፣ ለእኔ ሲሉ ሐሰት ተናገሩ። በእትዬ ጥሩወርቅ ላይ ያደረግሁት በምራኖቹ ታረመ፤ ፋብሪካው ተከፈተ፣ ቺንጋውም ዛሬም ለገበሬ ይሰጣል። በአባቴ አንደበት ላይ ያደረግሁትን ማን ያርመዋል?

ይህን ጽሑፍ አስቀድሜ ለእትዬ ጥሩወርቅ ወስጄ አነብላቸዋለሁ። ይቅርታቸው ለማያውቅ ሰው የተሰጠ ነበርና እመልስላቸዋለሁ። ሌላ ይስጡኝ አልልም። እናንተም ያነበባችሁ፣ በእኔ ላይ ከመፍረድ አትመለሱ፤ አያ ቢሻውን ግን ማሩልኝ። በዚያ ጉባኤ ከተናገሩት ሁሉ ሐሰቱ «አላወቀም» ያሉት አንዱ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ ነው።

አውቅ ነበር።