ድንበር ላይ የሚቆም ሰው

ወልደአማኑኤል መሬቱን የገዙት ጡረታ በወጡበት ዓመት ነው። ሜልቦርን ዳር ላቨርተን ኖርዝ በሚገኝ መጋዘን ሃያ ሁለት ዓመት ፎርክሊፍት ሲነዱ፣ ቀኑን ሙሉ ኮንክሪትና ካርቶን ሲያዩ ኖረው፣ በመጨረሻ እግራቸው አፈር እንዲረግጥ ፈለጉ። ሜድስቶን ካለው ቤታቸው በመኪና አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ የባከስ ማርሽን ከተማ አልፎ ወደ ኮረብታው ሲወጣ። አሥራ ሁለት ኤከር ነው። ፊቱን ወደ ሰሜን የሰጠ ቁልቁለት፣ ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ጋቢ የተንዘረፈፈ ባሕር ዛፍ፣ ከሥሩ ደግሞ የስንት ዓመት ቅጠልና ጭራሮ። ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ያ ድምፅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደስ አላላቸውም።

ከቁልቁለቱ አናት ላይ የዕቁባይ ካራቫን፣ በመኪና የሚጎተት ቤቱ፣ ቆሟል። ዕቁባይ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ የስደት ዘመን ጀምሮ ያልተለያቸው፣ በስምንት ዓመት የሚያንሳቸው የሽሬ ሰው ነው። ኖርዝ ሜልቦርን የመንግሥት ፎቅ ላይ ቤት ቢኖረውም ከሳምንቱ አራቱን ቀን የሚያሳልፈው እዚህ፣ ከአሥራ ስምንት የንብ ቀፎው ጋር ነው። ዳሌው በቀዶ ጥገና ከተቀየረ ወዲህ ያለ ከዘራ አይራመድም። እሳት ሽቅብ ይሮጣል፤ ዕቁባይ አይሮጥም። ወልደአማኑኤልን እንቅልፍ የሚነሳቸው ይህ ነበር።

ሌላም ነበር፤ ለማንም ያልተናገሩት።

በአገራቸው፣ ከጣርማ በር ማዶ ባለው ደጋ፣ የገብስ ገበሬ ያደረ መሬቱን ሲያዘጋጅ አፈሩን ከኩበትና ከገለባ ጋር እየከመረ ለቀናት ያጨሰዋል። ይህን የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ ድንበርተኞቹን አንድ በአንድ ይነግራል። እነሱም እርጥብ ቅጠል ይዘው እያንዳንዳቸው በየድንበራቸው ይቆማሉ። ያልተነገረው ድንበርተኛ ካለ እሳት አይጫርም። ወልደአማኑኤል የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሳሉ አባታቸው ለሦስቱ ድንበርተኞች እንዲነግሩ ላኳቸው። ለሁለቱ ነገሩ። ሦስተኛው ቤት ከወንዝ ማዶ ነበር፤ በዚያ ቀን ደግሞ ሠርግ ነበረባቸውና ቸኮሉ። ተመልሰውም "ሦስቱንም ነግሬአለሁ" አሉ። እኩለ ቀን ላይ ነፋስ ተነሣ፤ እሳቱ ከክምሩ ወጥቶ ደረቁን ሣር ያዘ፣ በበጋ የደረቀውን ወንዝም ተሻገረ። ከወንዝ ማዶ ባለው ጎጆ ዐይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ብቻቸውን ተኝተው ነበር፤ አልወጡም። አባታቸው እስኪሞቱ ድረስ "ተነግሯቸው ችላ ብለው ነው" ሲሉ ኖሩ። ወልደአማኑኤልም ዝም ብለው ሰሙ። ያ ዝምታ ሱዳንንም ባሕርንም አብሯቸው ተሻገረ።

እና በሚያዝያ፣ የሜልቦርን ሙቀት ሲበርድ፣ አንቲ ዶሪን የሚባሉ ሴት አስመጡ። የዚያ አገር የጥንት ባለቤት ከሆነው ሕዝብ ናቸው፤ የማኅበራቸውን ወጣት ሠራተኞች አስከትለው እንደ አያቶቻቸው በቀስታ የሚሄድ ትንሽ እሳት እየለኮሱ መሬት ያጸዳሉ። ሁሉም በአክብሮት አንቲ፣ አክስት እንደማለት፣ ሲላቸው ወልደአማኑኤል ነገሩ ስለገባቸው በልባቸው እትዬ ዶሪን አሏቸው። ሴትዮዋ ቁጢጥ ብለው ጣታቸውን ከቅጠሉ ሥር አፈሩ ውስጥ ሰደዱ። እሳቱ ካለፈ በኋላም ይኸው አፈር ለጣት ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ አለዚያ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው አሉ። ወልደአማኑኤል ደግሞ ጎናቸው ቁጢጥ ብለው ከዐርባ ዓመት በላይ ያልተናገሩበትን የአፈር ነገር በተሰባበረ እንግሊዝኛ አወሩ። ማቃጠሉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ቅዳሜ እንዲሆን ተስማሙ።

ቅዳሜው ስምንት ቀን ሲቀረው አንቲ ዶሪን ደወሉ። የማኅበሩ ኢንሹራንስ ሲታደስ አንድ መስመር ተጨምሮበት ኖሯል፤ በመንግሥት ደን ሲያቃጥሉ ይሸፍናቸዋል፣ በግለሰብ መሬት ላይ ግን አይሸፍንም። እሳቱ አንድ አጥር ቢዘል ማኅበሩ ይፈርሳል፤ ልጆቹም ዳግመኛ ክብሪት እንዲይዙ የሚፈቅድላቸው የለም። ሌላ የኢንሹራንስ ድርጅት እፈልጋለሁ፣ እስከዚያ ግን መለኮስ አልችልም አሉ።

ወልደአማኑኤል የራሳቸውን ውል ይዘው ወደ ልጃቸው ወደ ትሕትና ሄዱ። ትሕትና ከተማ መሃል በአንድ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የካሳ ጥያቄ የምትመረምር፣ ወረቀት ከመጨረሻው ገጽ ጀምራ የምታነብ ልጅ ናት።

"ባለቤቱ ወይም በሱ ፈቃድ ሌላ ሰው የለኮሰው እሳት ጎረቤት ላይ ጉዳት ቢያደርስ ከቨር አያደርግም ይላል፣ አባዬ" አለች። "ሽፋን እሳቸውም የላቸውም፣ አንተም የለህም።"

"ካላቃጠልንስ?"

"ካላቃጠልክማ ምንም አላደረግህም።"

መልሱ አላጠገባቸውም። መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው አሰቡ። የጎደለው ወረቀት ነው? ወይስ ሰው? ድንበርተኛው ሁሉ ተስማምቶ በየአጥሩ ከቆመ ማን ማንን ይከሳል? በራሳቸው እንግሊዝኛ ሦስት ወረቀት ጻፉ፦ መሬቴ በጣም ደርቋል፣ ለእናንተም ለኔም አደገኛ ነው፤ አዋቂዎች መጥተው በጥቂቱ ሲያቃጥሉት እባካችሁ በየአጥራችሁ ቁሙ፤ ምሳ ከኔ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን አኖሩበት።

ቁልቁለቱ ግርጌ ፈረስ የሚያረባው ግራሃም ወረቀቱን በእጁ ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ፈገግም አለ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚመጡት ወጣት ባልና ሚስት እናስብበታለን አሉ። ሦስተኛዋ በጥርጊያው መንገድ መጨረሻ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ውሻ ጮኸ እንጂ ማንም አልወጣም። የፖስታ ሳጥኑ በአሮጌ ወረቀት ታጭቋል። ወልደአማኑኤል የራሳቸውን ከላይ ሰክተው ነገ ተመልሼ አንኳኳለሁ አሉ።

በማግስቱ ዝናብ ሆነ፣ ሳይሄዱ ቀሩ። ከዚያ ደግሞ ከግራሃም ጠበቃ ደብዳቤ መጣ። መሬትዎ አደገኛ መሆኑን ራስዎ በጽሑፍ አሳውቀዋል፤ ከመሬትዎ ተነሥቶም ሆነ በመሬትዎ አልፎ ለሚደርስ የእሳት ጉዳት ደንበኛዬ በኃላፊነት ይጠይቅዎታል ይላል።

ትሕትና ደብዳቤውን አንብባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"አባዬ፣ ማን ጻፍ አለህ?"

"ሰው ሊያቃጥል ሲል ለጎረቤቱ ይናገራል። እኛ ዘንድ..."

"እዚህ የተናገርከው ነገር ፋይል ውስጥ ይገባል። አሁን ብታቃጥል ተጠያቂ ነህ፤ ባታቃጥልም እያወቅህ ዝም አልክ ትባላለህ። ካሁን በኋላ ከማንም ጎረቤት ጋር እንዳትነጋገር። ሰላም ካሉህ ሰላም በል፣ በቃ።"

"ሦስተኛዋን ሴትዮ ገና አላገኘኋቸውም።"

"እንዲያውም ይሻላል" አለች ትሕትና በእንግሊዝኛ። ክፋት አልነበረባትም፤ ፈርታላቸው ነው።

አንቲ ዶሪን ሌላ ድርጅት አላገኙም። በግንቦት መሬቱ ረጠበ፣ የማቃጠያው ጊዜም አለፈ። አንድ ቀን ብቻቸውን መጥተው ቁልቁለቱን ከላይ እስከ ታች በእግራቸው ሄዱበት። ሲሰናበቱ ወደ ካራቫኑ በአገጫቸው ጠቁመው፣ ያን ሰው በበጋ እዚህ አታሳድረው አሉ።

ክረምቱ አልፎ ሣሩ በቁመት አደገ፣ ከዚያም ነጣ። ወልደአማኑኤል በጥርጊያው መንገድ ባለፉ ቁጥር ወረቀታቸውን ከፖስታ ሳጥኑ አፍ ላይ ያዩታል፤ ረጥቦ፣ ደርቆ፣ ቢጫ ሆኖ። ሁለት ጊዜ መኪና አቁመው ነበር። ሁለት ጊዜም የልጃቸው ቃል ትዝ ብሏቸው ሄዱ።

በጥር አንድ ጠዋት ስልካቸው የከፍተኛ አደጋ ማስጠንቀቂያ አሰማ። ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ በሜድስቶን እንኳ የቆሻሻ ገንዳዎቹን እየጣለ ነበር። ወልደአማኑኤል ቁርስ ሳይቀምሱ ወደ ኮረብታው ነዱ። ንቦቼን ትቼ አልወርድም ያለውን ዕቁባይን ቀፎዎቹን በውሃ እያራሰ አገኙት።

"ጋሼ ወልዴ፣ ንቦቹ ዛሬ አልወጡም" አለ። "ከርስዎ ስልክ ይሻላሉ።"

"ተወውና ግባ።"

"እነዚህን ሦስቱን ላርስና።"

"ዕቁባይ፣ ግባ ብያለሁ።"

ዞር ሲሉ ቁልቁለቱ ግርጌ፣ አጥሩ አጠገብ፣ ግራሃም የውሃ ታንክ የጫነ ትራክተሩን አቁሞ አዩ። ከጀርባው፣ ከሩቁ ሸንተረር ላይ፣ ጢስ ወጥቷል። ወርደው ከአጥሩ በዚህ በኩል ቆሙ። ከደብዳቤው ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

"ጠበቃዬ ነው የጻፈው" አለ ግራሃም ዐይናቸውን ሳያይ። "አጥር ላይ ቁም ብለኸኝ ነበር። ፈረሶቹን አስወጥቻለሁ፣ ቆሜአለሁ።"

የቆመው ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው፤ ይህን ግን አላሉትም። ጢሱ ነጭነቱ ጠፍቶ ቡናማ እየሆነ ነበር።

"በዚህ ነፋስ ማንም አይቆምም፣ አንተም ውጣ" አሉት። "አሮጊቷን ነግረሃቸዋል?"

"ለሁሉም በስልክ መልእክት ተልኳል።"

"አንተ ነግረሃቸዋል ወይ?"

ግራሃም ዝም አለ። ዝምታውን ያውቁታል።

ዕቁባይን ደግፈው መኪናው ውስጥ አስገቡት፤ ከዘራው ደጅ ወድቆ ቀረ። ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ዐመድ መስታወቱ ላይ አረፈ። በግራ ከተማው ነው። ወልደአማኑኤል ወደ ቀኝ ታጠፉ።

"ጋሼ ወልዴ፣ መውጫው በዚያ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ወዴት ነው የሚወስዱኝ?"

"ነግሬአለሁ ብዬ ያልነገርኩት ሰው አለ" አሉ። ዕቁባይ ስለ አሮጊቷ መሰለው።

ከፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱ። ሰማዩ የዝገት መልክ ይዟል። በነፋሱ ጎንበስ ብለው በረንዳውን ወጡ፤ በሩን በጡጫቸው መቱት፣ ደግመው መቱት። ከውስጥ ውሻው ጮኸ። እንግዲያው ሴትዮዋ ቤት ውስጥ አሉ። ቁልቁለቱ ባለበት በኩል የአንድ ትልቅ ነገር ጉምጉምታ ተሰማ፤ ወልደአማኑኤል ወደዚያ ሳይዞሩ በሩን ለሦስተኛ ጊዜ መቱት።